ሴንት ኪልዳ፦ ቅድስት የሌላት ሰፈር

ከአውስትራሊያዋ ሜልቦርን መሀል ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ፣ በፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ ዳር ሴንት ኪልዳ የምትባል ሰፈር ትገኛለች። «ሴንት» በእንግሊዝኛ ቅዱስ ወይም ቅድስት ማለት ስለሆነ፣ ስሟን የሰማ ሁሉ በአንዲት ቅድስት የተሰየመች ይመስለዋል። ኪልዳ የተባለች ቅድስት ግን ኖራ አታውቅም።

ስሙን ይዛ የመጣችው መርከብ ናት። «ሌዲ ኦቭ ሴንት ኪልዳ» የተባለች ባለሸራ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ ሜልቦርን ደረሰች። ለሽያጭ ስለቀረበችም ከባሕሩ ዳር ፊት ለፊት መልህቋን ጥላ ቆየች። ሰዉ ዳርቻውን በእሷ ስም መጥራት ጀመረ፤ የአካባቢው አስተዳዳሪ ቻርልስ ላ ትሮብም ስሙን አጸደቁት። በ1842 መሬቱ ሲሸጥ የመጀመሪያውን ቦታ የገዛው የመርከቧ ካፒቴን ጄምስ ሮስ ሎውረንስ ነበር። በኬክ ቤቶቹ የታወቀው አክላንድ ጎዳና ደግሞ የተሰየመው በመርከቧ የቀድሞ ባለቤት በሰር ቶማስ አክላንድ ነው።

መርከቧ በበኩሏ ስሟን ያገኘችው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት የሴንት ኪልዳ ደሴቶች ነው። ለእነሱም ቢሆን ስሙን የሰጠ ቅዱስ የለም። አንዳንድ አጥኚዎች ምንጩ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «ጋሻ» የሚለው ቃል ነው ሲሉ፣ ሌሎች «የውኃ ምንጭ» ከሚለው ጋር ያያይዙታል፤ «ሴንት» የሚለው የተጨመረው በካርታ ሠሪዎች ስህተት ሳይሆን አይቀርም። የደሴቶቹ የመጨረሻ 36 ነዋሪዎች ኑሮው ስለከበዳቸው በ1930 በራሳቸው ጥያቄ አገራቸውን ለቀው ወጡ። የሜልቦርኗ ሴንት ኪልዳ ግን ደመቀች፤ በ1857 ባቡር ገባላት፣ በ1912 ሉና ፓርክ የተባለው የመዝናኛ መናፈሻ ተከፈተላት። በእንጨት መዋቅር ላይ የሚሄደው የመናፈሻው የመዝናኛ ባቡር ዛሬም ሰው አሳፍሮ ይዞራል።

መርከቧ ከመድረሷ እጅግ ቀደም ብሎ የቡን ዉሩንግ ሕዝብ በዚህ ዳርቻ ይኖር ነበር፤ ቦታውንም ዩሮ ዪሮክ ይለው ነበር። ለሥርዓቱና ለጭፈራው የሚሰበሰብበት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ያስቆጠረው ትልቅ ባሕር ዛፍ በሴንት ኪልዳ መገናኛ አጠገብ አሁንም ቆሟል። መርከብ ለገበያ ቆማ ያወረሰችው ስም ካርታ ላይ ሲጻፍ፣ ሕዝብ ለትውልዶች ሲጠራበት የኖረው ስም ቀርቷል። የሰፈሯን ስም አመጣጥ የሚተርክ ሁሉ ዩሮ ዪሮክንም አብሮ ሊያነሳ ይገባል፤ የቦታው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።