አባ በዝብዝ

መተማ ዮሐንስ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰሊጥ ሲደርስ ልጆቹ አጨዳ ስለሚወጡ ክፍሉ ይሳሳል። የቀሩት ግን አንድ ጥያቄ አያልፉም፦ «ቲቸር፣ ንጉሥ እንዴት በዝብዝ ይባላል?»

ፈረንሳዮች ንጉሦቻቸውን በመልክና በቁመና ይጠሩ ነበር፤ ሉዊ 6ኛ «ወፍራሙ»፣ ፊሊፕ 4ኛ «መልከ መልካሙ» ናቸው። የእኛ ጦረኛ ይጠራ የነበረው በፈረሱ ነው። የቋራው ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ ናቸው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ብዙ ጊዜ ስሙ ትእዛዝ ነው፦ ታጠቅ! በዝብዝ! ፈረሱ በስሙ ይጠራ ነበር፤ ጌታው ደግሞ «አባ» ተጨምሮለት የፈረሱ ባለቤት ይባል ነበር።

የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፈረስ በዝብዝ ነበር። የጠላትን ሀብት ዝረፍ ማለት ነው፤ በዘመኑ ለጦረኛ ሙገሳ እንጂ ስድብ አልነበረም። የተዘረፈው ገበሬ ምን ይል እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው። ንጉሡ ወደ መተማ ከመዝመታቸው በፊት፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስላመፁባቸው፣ ሠራዊታቸው ጎጃምን አራቁቶታል። እንደ እኔ እምነት ስሙ ያን ጊዜ በደንብ ሠርቷል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ገጠሙ። ድሉ ወደ እሳቸው ሲያዘነብል በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። የደርቡሾቹ አዛዥ የዘኪ ቱማል ሰዎች አስከሬናቸውን አትባራ ወንዝ አጠገብ ማረኩ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ከተማችን የያዘችው የንግሥ ስማቸውን ነው፤ የፈረስ ስማቸውን አይደለም።