ነጩም ይሣላል

ለጥቁርና ነጭ አብስትራክት ሥዕል ጥቁርና ነጭ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ካርቶንና ጥቂት ነጭ ወረቀት ይበቃሉ። ብሩሽ ካጡ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ይሠራል፤ መስመሩ ሻካራ ስለሚወጣ እኔስ እሱን እመርጣለሁ።

አብስትራክት የምንለው ዛፍ ወይም ፊት ሳይመስል በመስመርና በቅርጽ ብቻ የሚቆም ሥዕል ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን ደግሞ መደበቂያ የለም። ቀይና ሰማያዊ የሚሸፍኑት የአቀማመጥ ጉድለት ወዲያው ይጋለጣል። ወረቀቱን 10 በ10 ሳንቲሜትር አድርገው ይቁረጡት፤ ሙሉው በአንድ እይታ ይያዛል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም።

አነስተኛ መሆኑን አይናቁት። አሜሪካዊው ፍራንዝ ክላይን (እ.ኤ.አ. 1910–1962) የታወቀው በግዙፍ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የሠራው «ቺፍ» ስፋቱ ከ1.8 ሜትር ይበልጣል፤ ስሙን ያገኘው ሠዓሊው በልጅነቱ ከሚያውቀው ባቡር ነው፣ ባቡር ግን አይታይበትም። ይህ ሰው ንድፎቹን ይሞክር የነበረው በትንንሽ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜም ከስልክ ማውጫ በተገነጠለ ገጽ ላይ ነበር። ጓደኛው ቪለም ደ ኩኒንግ አንዷን ንድፍ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አጉልቶ ካሳየው በኋላ አሠራሩ ተለወጠ ይባላል።

ከክላይን የምንማረው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ጥቁሩን ቀብቶ ነጩን ባዶ አይተወውም ነበር። ነጩንም በብሩሽ ይቀባዋል፤ የጥቁሩን ጠርዝ ይበላበታል፣ ያጠብበታል።

ይህ በወሬ አይገባም፣ በእጅ ነው። አንድ ፊደል ይምረጡ፤ «ጨ» ይሁን። ከገጹ ጠርዝ እስኪያልፍ ድረስ በትልቁና በወፍራሙ ይጻፉት። ቀለሙ ሲደርቅ ካርቶን ላይ 5 ሳንቲሜትር የሆነ መስኮት ቆርጠው በላዩ ያንሸራትቱ። ፊደሉ መነበቡን የሚያቆምበት ቦታ ያገኛሉ። እዚያ ያቁሙት። በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የሕይወቱን ሥራ የገነባው ፊደላችንን እየፈታና እያጠማዘዘ ነው፤ እሱ ግን ለደማቅ ቀለምም አይሰስትም።

አሁን ጥቁሩን ይርሱትና በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ነጭ ቅርጾች ብቻ ይቁጠሩ። ሁሉም እኩል እኩል ከሆኑ ሥዕሉ ይተኛል። አንዱ ሰፊ፣ ሌላው እንደ ስንጥቅ ቀጭን ሲሆን ይነቃል። መስኮቱን ትንሽ ይግፉት፣ ወረቀቱንም ያዙሩት፤ ላይና ታች የሚባል ነገር ገና አልተወሰነም። የወደዱትን ክፍል በአዲስ ወረቀት ላይ ይቅዱ፣ ከዚያ በነጭ ቀለም ጥቁሩን እዚህም እዚያም ይቀንሱለት።

በአንድ ተቀምጦ አሥር ይሥሩ። አንዷን ያስቀሩ፤ የዘጠኙ ጀርባ ለነገ ይሆናል።