ከሳሎን እስከ ጓሮ ቤት፦ አሮጌውን ዋይፋይ ማድረስ

ከላላም ሆነ መካነ ሰላም፣ ብዙ ግቢ አንድ ቤት ብቻ የለውም። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ማድ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እናት ወይም አማት የሚያርፉባት ክፍል አለች። ኢንተርኔቱ ግን የሚገባው ሳሎን ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቡፌ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቤትማ ዳንቴል ይለብሳል። ጓሮ ያለው ሰው "ኔትወርክ የለም" ሲል ጥፋቱን የምንጭነው መስመሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መስመሩ ደህና ነው፤ ያልደረሰው ግቢው ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው።

እኔ ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት በእናቴ ምክንያት ነው። እህቴ ጅዳ ነው የምትሠራው፤ ስልክ ለመያዝ የሚመቻት ማታ፣ እኛ እራት ከበላን በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እናቴን በደጋው ብርድ ከክፍሏ አውጥቶ ሳሎን ማምጣት አይሆንም፤ ጉልበቷም እሺ አይላትም። ክፍሏ ሆና ስታወራ ደግሞ የልጇ ምስል ደርቆ ይቀራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። "ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?" እያለች ሌሊቱን ስትብሰለሰል ታድራለች።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የቆዩት ራውተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ በእንጨትና በደረቅ ጭቃ ግድግዳ ቢዳከምም ያልፋል። ቆርቆሮ ግን እንደ መስታወት ይመልሰዋል፤ ውኃ ደግሞ ይመጠዋል። የእኛ ማድ ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ከጎኑ የውኃ በርሜል ቆሟል፤ ሁለቱም ያሉት በራውተሩና በእናቴ አልጋ መካከል ነው። ሜዳው ክፍት ከሆነ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የሚባሉ ሰው በቬንዙዌላ ተራ የቤት ራውተሮችን ሶፍትዌር ቀይረው፣ ትልልቅ አንቴና ገጥመው፣ ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ 382 ኪሎ ሜትር አገናኝተዋል። ጓሯችን ሃያ አምስት ሜትር ነው!

ስለዚህ ገንዘብ ሳያወጡ ይጀምሩ። ራውተሩን ከቡፌው ያውጡት፣ ዳንቴሉን ያንሱለት፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ከፍ አድርገው ወደ ጓሮው በሚያይ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። አንቴናውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሞገዱ ጎልቶ የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ለጎን እንጂ ከጫፉ አይደለም። ጎረቤትም ዋይፋይ ካለው፣ በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ጎረቤት ባልያዘው ላይ ያድርጉት፤ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም። በርሜሉን እኛ አንስተነዋል። በዚህ ብቻ የእናቴ ስልክ ከምንም ወደ አንድ መስመር ደረሰ፤ ለምስል ግን አልበቃም።

ሱቅ ሲሄዱ የሚያሳዩዎት "ማራዘሚያ" የሚባለውን ነው። ክፉ አይደለም፣ ግን ርካሾቹ የተቀበሉትን በዚያው ሞገድ መልሰው ስለሚልኩ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የሚገዙ ከሆነ መሃል መንገድ ላይ፣ ሲግናሉ ገና ደህና በሆነበት ይሰኩት። ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ከሰኩት እሱም ምንም ስለማያገኝ ምንም አያደርስም።

እኔ የምመርጠው ኬብል ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ከመዳብ መስመር ወደ ፋይበር ሲቀይሩ አሮጌውን ራውተር መሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል፤ ያንን ያስልኩ። በማስተካከያ ገጹ ላይ አድራሻውን ይቀይሩ፦ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይኼኛው 192.168.1.2 ይሁን። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ፤ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለው ዋናው ብቻ መሆን አለበት። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ፣ ጥበቃው ደብሊውፒኤ2 ይሁን። ኬብሉን ከዋናው ላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ይሰኩ፤ የስልክ መስመር ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር መምህር ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ የልጅ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን በዋዛ አይለፉት፤ ክረምት ላይ የደጋው መብረቅ። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ ኃይሉን ይዞ ሊገባ ይችላል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጎ መቅበር ከፀሐይና ከዶማ ያድነዋል፤ ነጎድጓድ ሲቃረብ ግን ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ነው። እኛ ቤት ይህ የትንሿ ልጅ ሥራ ሆኗል።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ሳጥኖች ይጠፋሉ፤ ለዚያ ባትሪ ያስፈልጋል። ሌላው የሚያስቸግረው ስልኩ ነው፤ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሲሄዱ የደከመውን የሳሎን ሲግናል ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። እናቴ አሁን ጥሪው ከመድረሱ በፊት ራሷ ታጠፋውና ታበራዋለች።