ሲጂ 125 ምርመራ ስትገባ

ሆንዳ ሲጂ 125 ብዙ የሚወራላት ሞተር ሳይክል አይደለችም። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 124 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ከኋለኞቹ በስተቀር የፊትም የኋላም ፍሬኗ ታምቡር የሆነ ቀላል ሞተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥታ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ እስከ 2008 ድረስ ተሸጣለች። እዚህ በ17 ዓመቱ መንዳት የሚጀምር ለማጅ ከ125 ሲሲ በላይ ይዞ ብቻውን መንገድ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ስንቱ ነጂ ሚዛን መጠበቅንና ማርሽ መቀየርን የለመደው በእሷ ላይ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሲያገኝ ወደ ትልቅ ሞተር ይሻገርና ስሟን እንኳ አያነሳም። ይህ ውለታ መርሳት ነው።

የሆንዳ መሐንዲሶች ሲጂን ሲነድፉ በታዳጊ አገሮች ሞተር እንዴት እንደሚያዝ አይተው ነበር፦ ዘይት በወቅቱ አይቀየርም፣ የአየር ማጣሪያ አይጸዳም፣ ጭነቱ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ካምሻፍቱን ከሲሊንደሩ ራስ ላይ አወረዱትና ከታች፣ ዘይቱ አጠገብ አስቀመጡት። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ካምሻፍቱ ላይ ያለው የካም ጉብታ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያው አንዱ ጉብታ ማስገቢያውንም ማስወጫውንም ቫልቭ ያንቀሳቅሳል። የሚያልቅ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚበላሽ ነገር ያንሳል። ፓኪስታን ውስጥ ይህችው ሞተር ለአሥርት ዓመታት ስትመረት ኖራለች፤ የቻይና ፋብሪካዎችም ሞተሯን ቀድተው በዓለም ዙሪያ በትነውታል።

ወደ ምርመራው ልምጣ። እንግሊዞች ኤም ኦ ቲ የሚሉት ምርመራ በ1960 ዓሥር ዓመት ለሞላቸው መኪናዎች ተጀመረ። ዛሬ ሞተር ሳይክልም ሦስት ዓመት ሲሞላት ትገባና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትመረመራለች። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ሻንሲ፣ ካቴና፣ ክላክስ ይታያሉ። በአገራችን በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 681/2002 (ይኸኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያዘዘው ዓመታዊ ምርመራ አለ፤ ቦሎ የምንለው ማለት ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ምርመራ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የማርሽ ሳጥኑን ደህንነት አይመለከትም። መንግሥት ራሱ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ሆኖም ገዢው «ምርመራ አልፋለች» ሲባል ሞተሯ ጤነኛ ናት ብሎ ይሰማል፤ «ወድቃለች» ሲባል ደግሞ ሞተሯ አርጅታለች ብሎ ይደመድማል። አገር ቤትም «ቦሎ አላት?» ብሎ ጠይቆ ምላሹን እንደ ዋስትና የሚወስድ ገዢ ስንት አለ!

እንግሊዝ የእያንዳንዱን ምርመራ ውጤት መዝግባ ስለምታስቀምጥ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ የአንዲትን ሞተር ታሪክ በነጻ ማየት ይችላል። ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ማንበብ ይጠይቃል። አንድ የማውቀው ልጅ ሁለት ሲጂ አማርጦ መጣና «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ትቅርብኝ። ያቺኛዋ አንድም ቀን አልወደቀችም» አለኝ። መዝገቡን አብረን ከፈትን። የወደቀችው አንዴ በፍሬን መብራት፣ አንዴ የፊት መብራቷ ከፍ ብሎ በማብራቱ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ተጠግና አልፋለች። ያልወደቀችውን ሄደን ስንነዳት ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች። መዝገቡ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልጻፈም፤ ሊጽፍም አይችልም። የወደቀችውን እንዲገዛ መከርኩት፣ ገዛም።

ለዚህ ነው «አሮጌ ሲጂ ምርመራ ላይ አትታመንም» የሚለው ወሬ የሚያናድደኝ። የተቃጠለ አምፑልም የተሰነጠቀ ሻንሲም መዝገብ ላይ እኩል «ወደቀ» ያሰኛሉ። ከ2018 ወዲህ ጉድለቶች አደገኛ፣ ከባድና ቀላል ተብለው ስለሚለዩ ነገሩ ተሻሽሏል፤ የማይበራ የፍሬን መብራት ግን አሁንም ይጥላል። መጣሉም ልክ ነው። እኔ የምለው፣ ይህ ውድቀት የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። አሮጌ ትንሽ ሞተር አብዛኛውን ክረምት እርጥብ መጋዘን ውስጥ ቆማ ትከርማለች። ባትሪዋ ይሞታል፣ የሽቦ ጫፎቿ ይዝጋሉ፣ ጎማዋ ይሰነጣጠቃል። ባለቤቱ ምርመራው ሊያልፍባት ሲል ያስነሳትና አቧራዋን ጠርጎ ይወስዳታል። ብትወድቅ ምን ይገርማል?

ስለ ፍሬን መብራቱ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ነገር አውቆ የሚይዝ ሰው እምብዛም አላየሁም። የኋላ ፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል። ነጂው ከዘንጉ ጫፍ ያለችውን ዳዶ ያጠብቃል፤ ፍሬኑ እንደገና ከላይ መያዝ ይጀምራል። ብዙው ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ግን መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ ከፔዳሉ ጋር በትንሽ ሞላ የተያያዘ ሲሆን የሚበራው ፔዳሉ የተወሰነ ርቀት ከወረደ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ፔዳሉ የሚወርደው ጥቂት ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ ሞተሯ ትቆማለች፣ መብራቱ ጨለማ ነው። ከኋላ የሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር መቆሟን በምን ይወቅ?

መፍትሔው የማብሪያው የራሱ ዳዶ ነው። ማብሪያውን በአንድ እጅ አጥብቆ ይዞ (አብሮ ከዞረ ሽቦው ይበጠሳል) ዳዶውን ማዞር፤ ማብሪያው ከፍ ሲል መብራቱ ቀድሞ ይበራል። ሞላው ዝጎ ከተለጠጠ መቀየር ነው። ይህ ፍሬን በጠበቀ ቁጥር መደረግ አለበት። እባካችሁ፣ ፍሬን አጥብቃችሁ መብራቱን ሳታዩ ከጋራዥ አትውጡ፤ ግድግዳ አጠገብ አቁሞ ፔዳሉን መርገጥና ወደ ኋላ ዞር ብሎ ቀዩን ብርሃን ግድግዳው ላይ መፈለግ ብቻ ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ በዕድሜ ይለያል። ከኤፕሪል 1 ቀን 1986 በፊት መንገድ የወጣች ሞተር የፍሬን መብራቷ በአንዱ ፍሬን ቢበራ ይበቃታል። ከዚያ ወዲህ የወጣችው ግን በእጅም በእግርም ማብራት አለባት። የእጅ ፍሬኑ ማብሪያ ዝናብ የሚገባበት ስስ ነገር ስለሆነ በኋለኞቹ ሲጂዎች ሁለት የመውደቂያ ምክንያት አለ ማለት ነው። የአሮጌዋንና የአዲሲቱን የውድቀት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ሰው ሁለቱ የተፈተኑት በአንድ ፈተና አለመሆኑን ልብ ይበል።

ካቴናዋ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲጂ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፤ አቧራና ጭቃ እንዳይበላው። ግሩም ሐሳብ ነው፣ ካቴናውም ዕድሜው ይረዝማል። ሆኖም መርማሪው ዕቃ ፈትቶ እንዲያይ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ይህን ቆርቆሮ አያወልቅም። ያልታየ ካቴና ደህና ነው ማለት አይደለም። ሽፋኑን ራሳችሁ ፍቱ፣ ዘይት ቀቡት።

አሁን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሲጂዎች ከመዝገቡ እየወጡ ነው። አርባ ዓመት የሞላት፣ መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባት ሞተር ከ2018 ጀምሮ ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ናት። አንዳንዱ ባለቤት ይህን እንደ ሽልማት ቆጥሮ ያለ ጥያቄ መንዳቱን ቀጥሏል። ሞተሯን ለመንገድ ብቁ አድርጎ የመያዝ ግዴታ ግን በሕግ አልተነሳለትም። በፈቃዱ ሊያስመረምራት ይችላል፤ የሞተር ሳይክል ምርመራ ዋጋው ከ29 ፓውንድ ከ65 ፔንስ አይበልጥም። እናንተም የፊት ጎማዋን ከመሬት አንስታችሁ መሪዋን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት። መሃል ላይ ጎድጎድ ብሎ የሚይዝ ነገር ከተሰማችሁ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ በዚህ ዕድሜ ባለች ሲጂ ላይ ከአምፑል ይልቅ መጨነቅ የሚገባችሁ ለእሱ ነው።