የፓምፑ ደብተር ለፋብሪካው ምን ይነግረዋል?

ጥር 7 ቀን ሥላሴን ለማንገሥ ወደ አዲስ አበባ የመጡ አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ከካቴድራሉ ቅጥር ውጭ ከአጎታቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት የፕላስቲክ ቡሽ አወጡ። ከቀበሌያቸው የእጅ ፓምፕ እጀታ ላይ የወጣች ናት። አንድ ጎኗ አልቆ እንደ ጥፍር ሳስቷል። አጎትየው ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸውና አገላብጠው አዩአት።

«ልጄ፣ ይህች ስንት ወር ሠራች? በቀንስ ስንት ጀሪካን ይቀዳባታል?»

«እሱንስ አልጻፍነውም ጋሼ። ስትሰበር ነው የምናውቃት።»

የአጎትየው ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም የፋብሪካ መሐንዲሶች አጥብቀው የሚፈልጉት መልስ ያለበት ነው። እርስ በርሳቸው በሚፋተጉ ሁለት ዕቃዎች መካከል ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ እጀታው ይከብዳል፤ ከሰፋ ይወዛወዛል፤ አሸዋ ገብቶም እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ገበሬው ማረሻው ሲላላበት ሽብልቅ መትቶ ያጠብቀዋል። ለቡሽ ግን ሽብልቅ የለውም፤ ልኩ ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ የመጣ ነው። ማሽንም ቢሆን ሁሉንም ቡሽ እኩል አድርጎ መቁረጥ ስለማይችል፣ ንድፉ ከልኩ በላይና በታች ስንት የፀጉር ስፋት እንደሚፈቀድ ይወስናል።

ይህ ውሳኔ በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይገኝም። ናይለን ውኃ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥም ያብጣል። ስለዚህ በፋብሪካ የተለካው ክፍተት በጉድጓዱ አፍ ሌላ ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመሩት የእጅ ፓምፕ ሥራ ከዚህ የተነሣ ፓምፖችን ከቤተ ሙከራው ሌላ በመንደርም ፈተነ። በሕንድ አገር በኮይምባቶር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ኢንዲያ ማርክ ሁለት በተባለው ፓምፕ ላይ በተካሄደው ክትትል የተበላሸው ዕቃና የተለወጠበት ጊዜ ይመዘገብ ነበር። ከቆዳ የተሠራው የፒስተን ጎሚኒ ቶሎ ቶሎ ማለቁ ከመዝገቡ ታወቀ፤ ናይትራይል በተባለ ላስቲክ ሲተካ ዕድሜው ረዘመ። ቱቦው ሳይነቀል ፒስተኑ ብቻ የሚወጣበት ማርክ ሦስትም ከዚሁ ሥራ ተገኘ።

በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ በማላዊና በኬንያ መንደሮች እየተፈተነ የተሻሻለ ነው። የእጀታው ቡሾች በኩሽኔታ ፈንታ ከፕላስቲክ የተሠሩት የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲለውጣቸው ታስቦ ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት በመሆኑ ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል! የአንዱ ፋብሪካ ቡሽ በሌላው ፓምፕ ላይ በትክክል የሚገጥመው ሁሉም የልኩን ወሰን ሲያከብሩ ብቻ ነው። ያልገጠመው ዕቃ ከነመዝገቡ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ካልቀረበ፣ በሚቀጥለው ግዥም ያው ዕቃ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ደብተር እንዲህ ካለው ኪሳራ ይረክሳል።

ሊቀ መንበሩ ወደ ፒያሳ ወርደው ቡሹን ከመፈለጋቸው በፊት አጎታቸው የሚጻፈውን በጣታቸው ቆጠሩላቸው፦ ቡሹ የገባበት ቀን፣ የተሠራበት ፋብሪካ፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ውኃው አሸዋ መያዝ አለመያዙ፣ የወጣበት ቀን፣ ያለቀበት ጎን።

«አሮጌውንም አትጣለው» አሉ ቡሿን እየመለሱላቸው። «ቀኑን ጽፈህበት ከደብተሩ ጋር ስቀለው።»