ቤቱን ሐምሌ ላይ እዩት!

እናንተዬ፣ የወላጆቻችሁን ቤት ማን ነው የሚጠብቀው? ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቃችሁ። ባለፈው ሐምሌ ዳንግላ ሄጄ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ሦስት ቀን ሰነበትኩ። ቡና ጠጥተን የሆድ የሆዳችንን ልናወጋ ነበር ቀጠሯችን። እኔ ግን ሦስቱንም ቀን ያሳለፍኩት ባልዲ ስደፋ ነው።

ልጅቷ ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። ታላላቆቿ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ደሞ ባሕር ማዶ ናቸው። እሷ እናቷን ስታስታምም እዚያው ቀረች፤ እናትየዋ ሲያርፉ ቤቱ እጇ ላይ ቀረ። የጭቃ ቤት ነው፤ ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ጌሾው፣ ቡናው፣ ኮኩ፣ ጎመኑ የሞላበት ሰፊ ግቢ አለው፤ ከጓሮ ደግሞ የጉድጓድ ውኃ። (ዳንግላን ለማታውቋት፦ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ድሮ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ቺዝማን የተባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ ነው ጣናንና ዓባይን እየዞረ ያጠናው። አሮጌ ቤት ብርቋ አይደለም ለማለት ነው።)

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንዳች ቀዝቃዛ ነገር ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ብድግ አልኩ።

«አይዞሽ፣ እሱ የታወቀ ነው» አለችኝ። አልጋዬን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችና ጠብታው ሥር ድስት አስቀመጠች። ለካ ቤቱ ሰባት ቦታ ያፈሳል፤ ለሰባቱም ዕቃ ተመድቦለታል! ባልዲው የሳሎን፣ ሳፋው የጓዳ… የእናትየዋ የውኃ እንስራ እንኳ ሥራ አላጣም።

ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። እንዲህ ሲል ሲል ምስማሩ ይላላል፣ ከሥሩ ያለው ጎማም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዝናቡ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። ጓደኛዬ አምና ሐምሌ ላይ ብሶባት ካትራሜ ይዛ እራሷ ጣራው ላይ ወጣች። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ካትራሜ አይይዝም፤ እሱ ይቅር። ቆርቆሮውን መሐል ለመሐል ረገጠችውና እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰጠመ። ስድስት የነበረው ቀዳዳ ሰባት የሆነው ያን ቀን ነው! ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ጣራ ላይ መውጣት ግድ ከሆነባችሁ ሲደርቅ ውጡ፤ ስትረግጡም የምስማሩን መስመር ተከተሉ፣ ከሥር እንጨት ያለው እዚያ ጋ ነው።

በማግስቱ ገመድ ተበጠሰና ባልዲያችን ጉድጓድ ገባ። ጎረቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ ጫፉ የቆለመመ ብረት በገመድ አስረው መጡልን። «አይ ልጄ፣ ይሄ ጉድጓድ የዋጠውን ይመልሳል» እያሉ ሲጎትቱ፣ ጭቃ የጠገበ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። ልጅቷ ስታየው ሳቀች። «ወንድም ጋሼ የተገረፈበት ነው እኮ! እማዬ እየፈለገች…» አለችና መጨረስ አቃታት። እንባዋ መጣ። ባልዲውን ትተነው ገባን።

እንግዲህ ሽጪው ማለት ቀላል አይደለም። ግን ኑሪበት ማለትስ? እጮኛዋ ደብረ ማርቆስ ይሠራል፤ ሁለት ዓመት ጠብቋታል። «ቤቱን ለማን ጥዬ?» ትለዋለች። እህትና ወንድሞቿ የሚመጡት ለጥምቀት ነው፤ አንዳንዴም ሰነባብተው ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይተው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ኮኩ ሥር ፎቶ ይነሣሉ፣ «ቤቱ እንዴት ያምራል!» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሐምሌን አንዳቸውም አያውቁትም። የጣራ ገንዘብ ስትጠይቅ «አምና ልከን የለም እንዴ?»፣ መሸጥ ስታነሣ «የእማዬን ቤት?!» ነው መልሱ። አንደኛው እንዲያውም «አንቺ እኮ በነፃ ነው የምትኖሪበት» ብሏታል። በነፃ! የጣራው ጠባሳ እግሩ ላይ ቢሆን እንዲህ ይል ነበር?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ንብረት ወጪን ባለድርሻዎቹ እንደየድርሻቸው እንዲሸፍኑ ያዛል። ስለዚህ ምስማሩንም፣ ካትራሜውንም፣ የሠራተኛ አበሉንም ደብተር ላይ ጻፊው አልኳት። የሚያፈሰውን ቦታ አሁን በከሰል ምልክት አድርጊበት፤ ዝናቡ ሲያባራ ይደፈናል። አሸንዳም ያስፈልጋል፤ ከጣራ የሚወርደው ውኃ እየተረጨ የግድግዳውን እግር በልቶታል። ለቋሚዎቹ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ደግ ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ ግን ኧረ በፍጹም፣ የምትጠጪው ውኃ ነው።

ምርጊቱን ደሞ ለጥር አቆዪው። ጥር ላይ አዲስ ጭድ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ወንድሞችሽም አሉ። ከፎቶው በፊት ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃ ይርገጡ!

ሣቀች። ግን እስከ ጥር ማን ይጠብቃል? የመጨረሻውን ሌሊት መብራት አጥፍተን የሰባቱን ዕቃ ድምፅ በስልኳ ቀዳነው። ጠብ… ጠብ… ጠብ። እንስራው ከሁሉም ይጮኻል። አንድም ቃል ሳትጨምር ለአራቱም በቴሌግራም ላከችላቸው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ታላቅ ወንድሟ ነው። «ስንት ቆርቆሮ ነው የሚፈጀው?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የመጨረሻው ድምፅ የእማዬ እንስራ ነው አይደል?»

ባሕር ማዶ ያለችው ግን ማዳመጧ ይታያል፤ እኔ አውቶቡስ እስክሳፈር ድረስ አልመለሰችም።