ኦሽን ቢች፤ የማይቸኩለው ሰፈር

ከሳን ዲዬጎ ከተማ መካከል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መንገዱ ሲያልቅበት ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ይደርሳል። በዚያ ዳር ያለችው ሰፈር ኦሽን ቢች ትባላለች፤ ትርጓሜውም የውቅያኖስ ዳርቻ ማለት ነው። ነዋሪዎቿ ግን አሳጥረው ኦቢ ይሏታል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ መዝናኛ ቦታ ሞልቶ ሳለ ይህችን ከሌሎቹ ምን ለያት ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መልሱ ከፎቅ አይገኝም፤ ትልቅ ፎቅ የላትምና። ዋናው ጎዳና ኒውፖርት አቬኑ በትንንሽ ሱቆች፥ በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችና በመጠጥ ቤቶች መካከል አልፎ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ያበቃል። በዚህ ጎዳና ባዶ እግሩን የሚሄደውን፥ ወይም የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላውን በብብቱ ይዞ ውሃ እያንጠባጠበ የሚያልፈውን ሽማግሌ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገበሬዎች አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡበት ገበያ ይቆማል። በሰሜን፥ የሳን ዲዬጎ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አጠገብ፥ ውሾች ያለ ገመድ የሚሮጡበት አሸዋ አለ። በደቡብ ደግሞ ሰንሴት ክሊፍስ የተባለው ገደል ስላለ፥ ወደ ማታ ሰው እየወጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለከታል። አውሮፕላን ከከተማው ጣቢያ ተነሥቶ በአናታቸው ላይ ሲያልፍ የሚጨዋወቱ ሰዎች ወሬያቸውን ገታ አድርገው ይጠብቁና ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ፤ የሚቆጣ የለም።

ይህን ያየ እንግዳ ሰዎቹ ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ ቢፈርድ ግን ይሳሳታል። ዝግታቸውን ያገኙት በትግል ነው። በ1970 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ወደ ባሕሩ የሚገባ የድንጋይ ግድብ መሠራት ሲጀመር፥ ማዕበላችንን ያበላሻል፥ ኋላም ታላላቅ ሆቴሎችን ይጠራብናል ብለው ተነሡ፤ ግድቡም ሳይፈጸም ቀረ። በ1972 የሳን ዲዬጎ መራጮች በጠረፉ የሚሠራ አዲስ ሕንፃ ከ30 ጫማ፥ ማለት ከ9 ሜትር ያህል እንዳይበልጥ በድምፅ ወሰኑ። በ1976 ነዋሪዎቹ የሰፈራቸውን ፕላን የሚመረምር ሸንጎ ራሳቸው መረጡ። በ2001 ስታርባክስ በኒውፖርት አቬኑ ሊከፍት ሲመጣም ሰልፍ ወጥተው ተቃወሙ። ቡና የጠሉ እንዳይመስለን፤ የፈሩት የትንንሾቹ ቡና ቤቶች መዘጋት ነበር። ይሁን እንጂ በዚህኛው አልተሳካላቸውም።

አንድ የሚያሳስብ ነገር ግን አለ። ያን ጊዜ ከታገሉት ብዙዎቹ በርካሽ ኪራይ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። ሰፈራቸው ሳይለወጥ በመቅረቱ ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈላጊ ሲሆን ኪራዩ ወጣ፤ እንግዲህ የእነርሱ ቢጤ የሆነ የዛሬ ወጣት በዚያ ቤት መከራየት ይከብደዋል። የሕንፃ ቁመት በሕግ ይወሰናል፤ ሕጉ ግን ለኪራዩ ቁመት ያለው ነገር የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግድቡን ማስቆም ከዚህኛው ይልቅ ቀላል ነበር።

ለሁሉም እኩል የነበረው ቦታ በ1966 የተከፈተው የእግረኛ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 1,971 ጫማ፥ 600 ሜትር ያህል ሲሆን ከዳር ተነሥቶ ወደ ውቅያኖሱ ይዘልቃል። በካሊፎርኒያ ከሕዝብ ድልድይ ላይ በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ ስለማይጠየቅ፥ ገንዘብ ያለውም የሌለውም መቃጥኑን ይዞ ጎን ለጎን ይቆምበት ነበር። ማዕበል ደጋግሞ ስለጎዳው በ2023 ተዘጋ፤ የከተማው አስተዳደርም ከመጠገን ይልቅ በአዲስ መተካትን መረጠ። ስለ አዲሱ ድልድይ ስብሰባ ሲጠራ ነዋሪዎቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ተከራከሩ። ከጠየቁትም አንዱ ዓሣ አጥማጁ የት ይቆማል የሚለው ነበር።